«ሽልማት ታገኛለች» ተብሎ ደመወዝ ይቀነሳል ወይ?

አንድ የዚህ ገጽ ተከታታይ ገላን ባለ ባህል ቤት ስለምትዘፍን እህቱ ጠይቋል። እሷ በምሽት 600 ብር፣ እኩል ሰዓት የሚዘፍነው ወንድ 1000 ብር ይከፈላቸዋል። የቤቱ ባለቤት «ለሴት ሽልማቱ (ጠጪው የሚሰጣት ብር) ይበዛል፣ ያካክሰዋል» ይላል፤ እዚህ አስተያየት ላይም «እውነቱን ነው» ያላችሁ አላችሁ።

እውነቱን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን እንኳ ደመወዝ ብሎ አይቆጥርም። ግንባሯ ላይ የሚለጠፍ ብርማ ጭራሽ! የሚሸልመው ጠጪው ነው፣ ባለቤቱ ከኪሱ ያወጣው ሳንቲም የለም። አንቀጽ 14 ደግሞ ሴትን በፆታዋ ምክንያት በክፍያ ማበላለጥን ይከለክላል።

ጉዳዩ የሚላላው ሌላ ቦታ ነው፤ «እኩል ሥራ» የሚለው ላይ። ሰውዬው እየዘፈነ መሰንቆም የሚመታ ከሆነ ልዩነቱ ሕጋዊ ምክንያት ሊያገኝ ይችላል። በአዝማሪ ቤት ልማድ መሰንቆው በወንድ እጅ፣ ዘፈኑ በሴት አፍ ስለሆነ ይህ መከራከሪያ በተደጋጋሚ ይመጣል። (አስናቀች ወርቁ ክራሯን ራሷ እየመታች የዘፈነችበት አገር ነው፤ «ሴት መሣሪያ አትችልም» የሚል ካለ እሱን ይመልስ።) ሁለቱም የሚዘፍኑት ብቻ ከሆነ ግን ማወዳደሪያው ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ከፋዩን ለዩ። ባለቤቱ ለባንዱ መሪ ጠቅልሎ ሰጥቶ መሪው የሚያከፋፍል ከሆነ «እኔ አላውቃትም» ይላል። ሰዓቷን የሚወስነው፣ ስትቀር የሚቆጣት ማነው? አሠሪዋ ማን እንደሆነ የሚያሳየው ይህ ስለሆነ ጻፉት። የጽሑፍ ውል የለም ብላችሁ አትፍሩ፤ አለመኖሩ መብቷን አያስቀርም። ማስረጃ ግን ይጠይቃል፤ ቀኑን፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት፣ የተቀበለችውን ብር በየምሽቱ ደብተር ላይ ታስፍር። በቴሌብር ከተከፈላት መልእክቱን አታጥፋ። የወንዱን ክፍያ የሚያውቅ አስተናጋጅ ወይም ኪቦርዲስት ምስክር ካልተገኘ 1000 ብሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የት ነው የምትከሰው ለሚለው፣ ገላን ሁለት ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም በኩል ከሆነ አዲስ አበባ ነው፣ ክሱም ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፣ ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ አፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ፈልጉ። ባንኮኒው ጀርባ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ የሰጠው ማን እንደሆነ አንብቡ፣ ይለይላችኋል።

ጊዜው ይሮጣል። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ በቃል ማጉረምረም ይርጋውን አያቆመውም፣ ለአካባቢው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው የሚያቆመው። አቤት በማለቷ ቢያባርራት ስንብቱ ሕገወጥ ነው፤ ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት ያላት ጊዜ ግን 3 ወር ብቻ ነው። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው፤ ባለቤቱ ይህን ሰበብ አድርጎ ሊያስወጣት ስለሚችል ጉዳዩን ከማንሳታችሁ በፊት አስቡበት።

ሒሳቧን ሊሰጣት ሲጠራት የሚያስፈርማትን ወረቀት ታንብበው። «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» የሚል መስመር ካለ አትፈርም። መፈረም ግድ ከሆነባት የተቀበለችውን ብር መጠን ብቻ ጽፋ ትፈርም።