ሶፍትዌሩና የእጅ ልኬቴ አልገጥም አሉኝ፣ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ኳንቲቲ ሰርቬየር (የግንባታ ስራ መጠንና ወጪ የማሰላ) ነኝ፣ እስከዛሬ ቴክኦፉንም (ከስዕል ላይ መጠን መለካቱን) ቢሉንም (የስራዎቹን ዝርዝር ከነመጠንና ዋጋቸው) በኤክሴል ነበር የምሰራው። አሁን ቢሯችን የኮስት ማኔጅመንት ሶፍትዌር ገዛና የአንድ ፎቅ ስላብ (የኮንክሪት ወለል) ስፋት በካሬ ሜትር ብለካበት በእጄ ካወጣሁት ሩቡን ብቻ ሰጠኝ፣ አለቃዬ ግን ሶፍትዌሩን እመን ነው የሚለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሩቡን ነው ያልከው? እንግዲያው ስኬሉን (ስዕሉ ከእውነተኛው ልኬት ስንት እጥፍ እንዳነሰ የሚናገረውን) ነው የምጠረጥረው። ኤ1 ላይ በ1 ለ100 የተሰራ ስዕል ወደ ኤ3 ፒዲኤፍ ሲጠብ 1 ለ200 ሆነ ማለት ነው፣ ጥጉ ላይ ግን አሁንም 1 ለ100 የሚል ጽሁፍ አለ፣ እሱን አምነህ ካስገባህ ርዝመቱ ግማሹ፣ ካሬ ሜትሩ ደግሞ ሩቡ ብቻ ይወጣልሃል። መለካት ከመጀመርህ በፊት ቁጥሩ የተጻፈበት አንድ ረዘም ያለ መስመር ይዘህ ካሊብሬት አድርገው (ማለትም የመስመሩን ትክክለኛ ርዝመት ለሶፍትዌሩ ንገረው)፣ በየገጹ ደግሞ፣ ዲቴይሉ (ጎላ ተደርጎ የተሳለው ክፍል) የራሱ ስኬል አለውና።

መጠኑን ከሞዴል (ከህንጻው 3ዲ ዲጂታል ስዕል) ስታወጣም ጉድ አለ፣ ኮለን (ምሰሶ) እና ስላብ ሲሳሉ ከተደራረቡ ኮንክሪቱ ሁለቴ ሊቆጠር ይችላል፣ ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ስለማይስለው ካልጨመርክበት ዝም ብሎ ያልፈዋል።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን የሶፍትዌሩ ትልቁ ጥቅም ልኬቱ ሳይሆን ውል ከተፈረመ በኋላ ያለው ነው፣ እያንዳንዱ የቢል አይተም ኮድ ይኖረውና ቫሪየሽኑም (ከውል በኋላ የመጣው የስራ ለውጥ) ክፍያውም የአቅራቢው ኢንቮይስም እዛው ኮድ ላይ ይገባል። በጀቱ 10 ሚሊዮን ነው እንበል፣ ስራው 40 ፐርሰንት ደርሷል፣ ማለትም የ4 ሚሊዮን ስራ ተሰርቷል፣ የወጣው ግን 5 ሚሊዮን ነው። 4 ለ5 ሲካፈል 0.8፣ ማለትም በወጣው በአንድ ብር የ80 ሳንቲም ስራ ነው የተሰራው፣ በዚሁ ከቀጠለ መጨረሻው 10 ለ0.8 ማለትም 12.5 ሚሊዮን ነው፣ ይሄን ገና መንገድ ላይ እያለህ ታየዋለህ። (ኤክሴልም ያሰላዋል አትበለኝ፣ ያሰላል፣ ግን አምስት ሰው አምስት ፋይል ይዞ ሲዞር የቱ የመጨረሻው እንደሆነ ማን ያውቃል!) አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፣ የሰብኮንትራክተሩ ስራ አልቆ ኢንቮይሱ ገና ካልመጣ ወጪው ያነሰ መስሎ ይታይሃል፣ ስለዚህ የተሰራውን ገምተህም ቢሆን አስገባው።

አለቃህን አሁን አትከራከረው፣ ስላቡን ካሊብሬት አድርገህ እንደገና ለካውና ሦስቱንም ቁጥር (የእጅህን፣ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የሰጠህንና አዲሱን) ባንድ ወረቀት አሳየው።