ሰመመን ውስጥ ያለ ታካሚ «ደረቴን ወጋኝ» አይልም

በቅርቡ አንዲት ወጣት የሰመመን ባለሙያ፣ «ታካሚዬ በሙሉ ሰመመን ውስጥ እያለ የረጋ ደም የሳንባውን ደም ቧንቧ ቢዘጋው በምን አውቃለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ታካሚ አስታወሰኝ።

የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ተራው እስኪደርስ ለቀናት አልጋ ላይ የቆየ ጎልማሳ ነበር። ሰመመኑን ያለ ችግር ወስዶ፣ ቆዳው ገና ሳይቀደድ፣ ቀዶ ሐኪሙ ስብራቱን ለማስተካከል እግሩን ሲስብ፣ በሞኒተሩ ላይ 36 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የነበረው የትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥቂት ትንፋሾች ወደ 17 ወረደ። የመተንፈሻ ማሽኑ (ቬንትሌተሩ) አልተነካም፣ ቱቦውም አልተላቀቀም፤ ሁለቱም ሳንባዎች እኩል አየር ይገባቸው ነበር። ወዲያው የደም ግፊቱ ወደቀ፣ ልቡ ፈጠነ፣ ኦክስጅኑም ቀነሰ፤ የአንገቱ ደም ሥሮች ግን ተገትረው ነበር። ደም ፈሶት ቢሆን ኖሮ ሥሮቹ በጎደሉ ነበር፤ የመድኃኒት አለርጂ ቢሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደሚሆነው ደረቱ ሲያፏጭ፣ የመተንፈሻው ግፊትም ሲያሻቅብ ባየን ነበር። ከደም ቅዳው የወሰድነው ናሙና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከፍ አድርጎ አሳየን፤ አየሩ ደም ወደማይደርስበት የሳንባ ክፍል እየገባ ነበር ማለት ነው። ልቡ ሲቆም የረጋ ደም የሚያሟሟውን አልቴፕሌዝ 50 ሚሊግራም ሰጥተን ከአንድ ሰዓት በላይ ደረቱን ብንጫንም አልተመለሰልንም።

በኋላ በነርሷ ማስታወሻ ላይ «ባቴ ተወጥሮብኛል» ማለቱን አነበብን፤ ይህ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋቱን ሊጠቁም የሚችል ምልክት ነው፤ ያ አንድ መስመር ወደ እኛ በመጣው ቅጽ ላይ አልነበረም። የዛሬ ወጣቶች በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እጃችሁ ከእኛ ትውልድ ይልቅ የሰላ ነው፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ ታካሚውን ለመስማት ግን ትቸኩላላችሁ።

እርዳታ መጥራትንና 100 በመቶ ኦክስጅንን አልደግምላችሁም። ግፊቱ ሲወድቅ ፈሳሽ አታንቆርቁሩ፤ የተዘጋ ቧንቧ የሚገፋ የቀኝ ልብ ይበልጥ ሲወጠር የግራውን ይጫነዋልና፣ የደም ሥርን አጥብቦ ግፊት የሚያነሳውን ኖርኤፒነፍሪን ቶሎ ጀምሩ። መሣሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ እላለሁ፤ ሆኖም በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ በአቅራቢያችሁ ካለ፣ የሰፋ የቀኝ ልብ ማየት ብዙ ጥርጣሬ ይቆርጣልና አስመጡት። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ሄፓሪንንና የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት በተመለከተ ግን፣ ቁስሉ ምን ያህል እንደተከፈተና መድማቱን ማቆም ይቻል እንደሆነ የሚያውቀው ቀዶ ሐኪሙ ስለሆነ፣ ውሳኔውን እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ከእርሱ ጋር ወስኑ።