ሳይንስ ጸሐፊነትና መጽሔት ማሳተም፦ ክፍት ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ የዛሬው መላሻችን የሳይንስ ጽሑፍ አርታኢ ናቸው፤ የመጽሔት ገጽ ዝግጅትና የማተሚያ ቤት ሥራም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሳትገቡ በራሳችሁ ጥረት የሳይንስ ጸሐፊ ለመሆን ወይም የራሳችሁን መጽሔት ለማውጣት ያሰባችሁ ሁሉ ጠይቁ።

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። አንድ ነገር ላስቀድም፦ ዋናውን ጥናት ሳታነቡ ስለ ጥናቱ አትጻፉ። ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ታገሡኝ።

ተማሪ (ጅማ)፦ ጋሼ፣ የሳይንስ ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ የትኛው ሳይንስ? ለየትኛው አንባቢ? ሁለቱን ወስነህ ተመለስ፤ ያኔ የሚረባ መልስ እሰጥሃለሁ።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ቁጥር ሲበዛ አንባቢ ይሸሻል፤ ሲያንስ ደግሞ ሳይንሱ ይጠፋል። ልኩ የቱ ጋ ነው?

መላሽ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። በአንድ አንቀጽ አንድ ቁጥር ይበቃል፤ የቀረው ወደ ሣጥን ወይም ወደ ሠንጠረዥ ይሂድ። ጽሑፍን ከቁጥር ብዛት ይበልጥ የሚያበላሸው ግን የመለኪያ ስሕተት ነው። የሕዳሴ ግድብን ይውሰዱ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። «በዓመት 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ስሕተት ነው፤ ሜጋዋት በአንድ ቅጽበት ያለውን ኃይል ነው የሚለካው። የዓመት ምርት የሚነገረው በጊጋዋት-ሰዓት ነው። ተርባይኖቹ በሙሉ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢሠሩ 5,150 በ8,760 ሰዓት ተባዝቶ ወደ 45,100 ጊጋዋት-ሰዓት ይሆናል፤ የታቀደው የዓመት ምርት ግን ወደ 15,700 ገደማ ነው። በዓመት የሚገባው ውኃ ሁሉንም ተርባይን ሌት ተቀን ለማዞር አይበቃምና። ይህን ያልለየ ጸሐፊ በሦስት እጥፍ ይስታል፤ አንባቢውም «ይህን ያህል እየመነጨ ለምን መብራት ይጠፋል?» ብሎ በተሳሳተ ቁጥር ይከራከራል።

የመሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው። በ2017 በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ 4.9 እና 5.9 ጎን ለጎን ሲጻፉ ተቀራራቢ ይመስላሉ። መለኪያው ግን የሚያድገው በብዜት ነው፤ አንድ ሙሉ ቁጥር ሲጨምር በመሣሪያው ላይ የሚመዘገበው የንቅናቄ ስፋት 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ሁለት ቁጥር ከጨመረ ጉልበቱ 1,000 እጥፍ ነው።

ሦስተኛው የጤና ዜና ነው። «ተጋላጭነትን በ50 በመቶ ይቀንሳል» የሚለው ከ1,000 ሰው 2 ይታመም የነበረው ወደ 1 ወረደ ማለት ሊሆን ይችላል። ከ1,000 ሰው 400 የነበረው ወደ 200 ሲወርድም 50 በመቶ ነው። ሁለቱ የትየለሌ ይራራቃሉ፤ መነሻውን ቁጥር ሳይሰጡ በመቶኛ ብቻ አይጻፉ። መነሻው ያለው ጥናቱ ውስጥ እንጂ ዜናው ውስጥ አይደለም። ለዚህ ነው ዋናውን ጥናት አንብቡ የምለው።

ነርስ (ሪያድ)፦ ጥናቶቹ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በምን አቅማችን እናንብባቸው?

መላሽ፦ እህቴ፣ አብዛኛውን በነፃ ማግኘት ይቻላል። የጥናቱን ሙሉ ርዕስ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጊ፤ ከሥሩ «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ክፈቺ። አንፔይዎል የሚባለውን የማሰሻ ተቀጥላ ጫኚ፤ ሕጋዊ ነፃ ቅጂ ካለ ይጠቁምሻል። ለሕክምና ፐብሜድ ሴንትራል፣ ለአፍሪካ መጽሔቶች አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን አለ። ካጣሽው በጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለደብዳቤ የተሰየመው ተመራማሪ አድራሻ አለ፤ ማን እንደሆንሽና ለምን እንደፈለግሽው በሦስት መስመር ጻፊለት።

ስታነቢ ማጠቃለያውን አይተሽ ቀጥታ ወደ ዘዴው ግቢ። ስንት ሰው ተጠና? ማነጻጸሪያ ቡድን ነበረ? ለምን ያህል ጊዜ ተከታተሉ? ቀጥሎ ሠንጠረዦቹን፣ ከዚያ ደራሲዎቹ ራሳቸው የጻፉትን የጥናቱን ውሱንነት፣ በመጨረሻም ገንዘቡን የሰጠው ማን እንደሆነ እዪ። ሜድአርካይቭ ወይም ባዮአርካይቭ ላይ የወጣ ከሆነ ገና በሌሎች ባለሙያዎች አልተገመገመም፤ ይህን እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ ለአንባቢ መንገር ግዴታ ነው።

ጋዜጠኛ (ሐዋሳ)፦ ዩሬካለርት (የምርምር ተቋማት የዜና መግለጫ የሚያወጡበት ድረ ገጽ) ላይ የሚለቀቁት መግለጫዎች «እስከዚህ ሰዓት አይታተም» ይላሉ። የእኛ ሰዓት ስንት ነው?

መላሽ፦ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት የሚጥለው ዕገዳ ዘወትር ረቡዕ በለንደን ሰዓት 16፡00 ላይ ይነሣል። ለንደን በክረምት ሰዓቷ ላይ ስትሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በበጋ ሰዓቷ ደግሞ 12 ሰዓት። ይህን የአንድ ሰዓት ልዩነት ረስተህ ቀድመህ ካወጣህ መግለጫው ቀድሞ ከሚደርሳቸው ጋዜጠኞች ዝርዝር ልትሰረዝ ትችላለህ። መግለጫው የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ነው፤ ጥናቱ አይደለም።

ተማሪ (ጎንደር)፦ ከየት ልጀምር? መሠረታዊውን ቢነግሩን።

መላሽ፦ ይህ ከላይ ተጠይቋል። «ከየት» ለሚለው መልስ የለኝም፤ «በምን ላይ፣ ለማን» የሚል ካለ ልስማ።

የታሪክ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦ የዘመን አቆጣጠር ነገር ይነሣ። የአማርኛ መጽሔት «ሉሲ በ1974 ተገኘች» ሲል ያሳዝነኛል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በ1967 ነው የተገኘችው።

ፋርማሲስት (አዲስ አበባ)፦ መምህር፣ ጥናቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የሚመዘገቡት። አንባቢው ፈልጎ እንዳያገኝ መንገዱን መዝጋት ይሆንብናል።

የታሪክ መምህር፦ መፈለጊያውን በሣጥን አስቀምጡለት እንጂ። ዐረፍተ ነገሩ የእኛ ይሁን።

ፋርማሲስት፦ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያደጉ ልጆችስ? አማርኛ ያነባሉ፤ አቆጣጠሩ ግን ግራ ያጋባቸዋል።

የታሪክ መምህር፦ እኛ ካልጻፍንበት ከማን ይማሩታል?

አስተባባሪ፦ ወገኖቼ፣ ወደ መላሹ እንመለስ።

መላሽ፦ ሁለታችሁም የምትሉት ያስኬዳል፤ መጽሔቱ አንዱን መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጽ ይጠቀም፤ ሌላው ሲገባ «እ.ኤ.አ.» ይቅደመው። የእኔ ጭንቀት ስሌቱ ነው። በጭፍን 8 መቀነስ ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ሉሲ የተገኘችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ስለሆነ ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው። የዲኪካዋ ሰላም (የሕፃን ቅሪተ አካል) የተገኘችው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 ነው፤ 8 የቀነሰ 1992 ይላል፤ ትክክለኛው ታኅሣሥ 1993 ነው። ጥናቷ በኔቸር የወጣው በመስከረም 1999 ነው። ወሩ ካልታወቀ ዓመቱን አትመልሱ፤ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ እንዳለ ተዉት።

ተማሪ (ጅማ)፦ ጋሼ፣ ወስኛለሁ። የዕፀዋት ሳይንስ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች።

መላሽ፦ ጎሽ! አሁን መነጋገር እንችላለን። ለሦስት ወር በየሳምንቱ አንድ ጥናት አንብብና 400 ቃል ጻፍ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን የማረጋገጫ ሠንጠረዥ ይኑር፤ ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ የጻፍከው ዐረፍተ ነገር፣ የጥናቱ ገጽና መስመር፣ የተረጋገጠበት ቀን። ምንጭ ያልተገኘለት ዐረፍተ ነገር ይወጣል። አርታኢ ዘንድ ስትሄድ ከዲግሪህ በፊት ይህን ሠንጠረዥ አሳየው።

አጻጻፉን ለመለማመድ የእንዶድን ታሪክ ውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወራጅ ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ያዩት፣ የጠየቁት፣ የሞከሩት፣ ያገኙት፤ ጽሑፍህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያገኙት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት መጨረሻ ላይ ይግባ። ጀማሪ ሽልማቱን አናት ላይ ያወጣና ሳይንሱን በሁለት መስመር ይዘጋዋል።

ለአርታኢ የምትልከው ሐሳብ ከ150 ቃል አይብለጥ፦ ምን ተገኘ፣ ለምን አሁን፣ ማንን ታነጋግራለህ፣ መቼ ታስረክባለህ። ከምታነጋግራቸው አንዱ በጥናቱ ያልተሳተፈ ባለሙያ ይሁን።

አባል (መቀሌ)፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናቱን ቢያጠቃልልኝስ?

መላሽ፦ ዋናውን ጥናት አንብብ።

አባል (ድሬዳዋ)፦ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

መላሽ፦ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ከ2017 ማሻሻያው ጋር አንብብና የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ዘንድ ሂድ። በሕግ ጉዳይ አልመክርም።

ገጽ አዘጋጅ (አዲስ አበባ)፦ ማተሚያ ቤት የላክነው ፋይል ፊደሉ ወደ ላቲን ምልክት ተለወጠ። ኮምፒውተራችን ላይ ግን ደህና ነበር።

መላሽ፦ ዩኒኮድን (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ያልተከተለ የድሮ ፊደል (ፎንት) ተጠቅማችኋል። እነዚያ ፊደሎች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ቁልፍ ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ፊደሉ የሌለበት ኮምፒውተር ከሥር ያለውን ላቲን ያሳያል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ አሮጌውን ጽሑፍ በመለወጫ ወደ ዩኒኮድ አዙሩና ፊደሉን ከፋይሉ ጋር አቅፋችሁ ለሕትመት በተዘጋጀው የፒዲኤፍ ዓይነት፣ በፒዲኤፍ ኤክስ-1ኤ፣ አውጡ።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንት ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ አድምቅ ስትሉት ፕሮግራሙ በግድ ያወፍረዋል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ለርዕስ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በተለያየ ውፍረት አለ። ፊደላችን መስመሩን ከላይ እስከ ታች ስለሚሞላ 10 ነጥብ ጽሑፍ ከ14 እስከ 15 ነጥብ የመስመር ርቀት ይፈልጋል።

የጽሑፉ ጥቁር ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። ከአራት ቀለም የተሠራ ጥቁር ወረቀቱ ጥቂት ሲዛነፍ ይደበዝዛል፤ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለዩባት ሰረዝ መጀመሪያ ትጠፋለች። በጠቆረ ሽፋን ላይ የአራቱ ቀለም ድምር ከ300 በመቶ ካለፈ አይደርቅም፤ በላዩ በሚደረበው ወረቀት ጀርባ ላይ ይታተማል። ሥዕል በሚታተምበት መጠን 300 ነጥብ በኢንች፣ ከጠርዝ የሚያልፍ ሁሉ 3 ሚሊሜትር ትርፍ። በ70 በ100 ሳንቲሜትር ወረቀት ላይ 16 የኤ4 ገጽ ይወጣል፤ ስለዚህ ውስጡን 32 ገጽ አድርጉት። 36 ካደረጋችሁት ለአራቱ ገጽ ብቻ ሌላ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) እና ሌላ ዙር ትከፍላላችሁ።

ነጋዴ (አዳማ)፦ 500 ላሳትም ወይስ 1,000?

መላሽ፦ ዋጋውን ከማተሚያ ቤቱ ጠይቅ፤ ስሌቱን ግን ላሳይህ። ለምሳሌ ቋሚ ወጪህ (ጽሑፍ፣ አርትዖት፣ ገጽ፣ ፕሌት) 60,000 ብር፣ ለአንድ ቅጂ ወረቀትና ሕትመት 70 ብር፣ የሽፋን ዋጋ 200፣ የአከፋፋይና የአዟሪ ድርሻ 30 በመቶ ይሁን። እጅህ የሚገባው 140 ነው። 500 ብታትም ወጪህ 95,000፤ ሁሉም ቢሸጥ የምታገኘው 70,000 ነው፤ ገና ሳትጀምር ከሥረሃል። 1,000 ብታትም ወጪው 130,000 ነው፤ ለመመለስ 929 መሸጥ አለብህ። ሳይሸጥ የሚመለሰው ግን ከቀሪው 71 ቅጂ ሊበልጥ ይችላል። መውጫው ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት የቅድሚያ ደንበኝነት ወይም ዋጋ መጨመር ነው።

አባል (ፍራንክፈርት)፦ በወረቀት ማተም አክትሞለታል። ቴሌግራም ላይ ለምን አይወጣም?

ነጋዴ (አዳማ)፦ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቴሌግራም አይገዛም።

አባል (ፍራንክፈርት)፦ ተማሪው ግን ስልክ ይዟል።

መላሽ፦ በሁለቱም አውጡት። የማረጋገጡ ሥራ በሁለቱም እኩል ነው።

አባል (ሐረር)፦ ፎቶ ከኢንተርኔት ብንወስድስ?

መላሽ፦ ባለቤት አለው፤ የቅጅ መብት አዋጅ 410/1996 ይመለከታችኋል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ፈቃዱን አንብቡ። የፎቶ አንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ከሥዕሉ ሥር ጻፉ። «ለንግድ አይውልም» የሚል ካለበት ለሚሸጥ መጽሔት አይሆንም። የናሳ ሥዕሎች በአብዛኛው ነፃ ናቸው፤ አርማው ግን አይደለም።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)፦ ተጠንቅቀንም ስሕተት ታትሞ ቢወጣስ?

መላሽ፦ በሚቀጥለው ዕትም፣ ሰው በሚያየው ገጽ ላይ፣ «በቁጥር ይህን፣ በገጽ ይህን ያልነው ስሕተት ነው፤ ትክክሉ ይህ ነው» ብለው ይጻፉ። በኢንተርኔት ቅጂው ላይ የታረመበትን ቀን ያስፍሩ፤ በዝምታ አይቀይሩ። የማረጋገጫ ሠንጠረዡንም ይክፈቱና ስሕተቱ ከምንጩ ይሁን፣ ከጸሐፊው፣ ወይም ገጽ ሲዘጋጅ ይለዩ፤ ገጽ ሲዘጋጅ ከሆነ ቁጥሮቹ ከመጨረሻው ፒዲኤፍ ላይ እንደገና ይነበቡ፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ሠንጠረዡን ይከተል።