ጦሳ ላይ የተዛነፈው ኮምፓስና የሳተላይቱ ካርታ

ጥያቄ፦ በደሴ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጦሳ ተራራ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ኮምፓስ ወደ ጥቁር አለት ስናስጠጋ መርፌው ከሰሜን ይዛነፋል፤ ስናርቀው ይመለሳል። በሳተላይት መረጃ የተሠራው የመሬት ቅርፊት መግነጢሳዊ ካርታ ይህን ያሳያልን? ካላሳየስ ምን ይጠቅማል?
ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አያሳይም። መርፌውን የሚስበው በባዛልቱ (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በተሠራው ጥቁር አለት) ውስጥ ያለው ማግኔታይት የተባለ ብረት አዘል ማዕድን ነው። የወሎን ደጋ የሠራው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ፈስሶ ሲቀዘቅዝ፣ ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የዘመኑን የመሬት መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይዞ ቀርቷል። የመሬት መግነጢሳዊ ዋልታዎች በየዘመኑ ስለሚገለባበጡ ሁሉም ንብርብር ወደ አንድ አቅጣጫ አያመለክትም። መብረቅ የመታው አለት ደግሞ የባሰ ያሳስታል፤ የተራራ አናትም ለዚህ የተጋለጠ ነው።

የአለቱ ኃይል ግን በርቀት ፈጥኖ ይደክማል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያመጠቃቸው ሦስቱ የስዋርም ሳተላይቶች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይበራሉ፤ ከዚያ ሆነው የሚለዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ነገርን ብቻ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ቢለያዩም፣ ለሳተላይቱ አንድ ቦታ ናቸው።

ከባዱ ሥራ ግን ከቅርፊቱ የሚመጣውን ከሌላው መለየቱ ነው። በአካባቢያችን የመሬት ዋና መስክ ወደ 36,000 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ) ሲሆን፣ ከቅርፊቱ የሚመጣው ግን በሳተላይቱ ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከ20 ናኖቴስላ አይበልጥም። በአገራችን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፦ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ፣ ቀን ቀን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ጅረቱ ከሳተላይቱ በታች ስለሆነ ከመሬት ውስጥ የመጣ ይመስላል፤ በዚህም ምክንያት ለካርታው በአብዛኛው የሌሊት ልኬት ይመረጣል። ከሦስቱ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚበሩትም ልኬታቸውን በማቀናነስ ከሩቅ የሚመጣውንና ሁለቱንም እኩል የሚነካውን ለማስወገድ ነው።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ የእኔ ምርጫ ሙቀት ነው። ከ580 ዲግሪ በላይ የጋለ አለት ማግኔትነቱን ስለሚያጣ፣ ካርታው የቀዝቃዛውን ንብርብር ውፍረት ለመገመት ይረዳል። እንደ አፋር ባለ ሞቃት ስፍራ ይህ ንብርብር ቀጭን ነው። በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሚገኘውን የባንጊን ትልቅ የመግነጢሳዊ መስክ መዛነፍ የመሰለ ነገርም ከላይ ሆኖ ካልታየ ሙሉ መልኩ አይገኝም።

ለጦሳ የሚያስፈልግዎት በእጅ የሚያዝ ማግኔቶሜትር (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ መሣሪያ) ነው። ካገኙ፣ አንድ ሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ከአለቱ ርቆ በአንድ ቦታ ቆሞ በየደቂቃው ይመዝግብ፤ የቀኑ ጅረት የሚያመጣውን ለውጥ ከተማሪዎቹ ልኬት ላይ የሚቀንሱት በእሱ ነው።