የአልማዝ ቀለበት ልግዛላት ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ከአንዲት እህት ጋር በተክሊል ለመጋባት አስበናል፤ የንስሐ አባታችንም ያውቃሉ። አሁን ቀለበት ላስርላት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «የሁለት ወር ደመወዝህን ካላወጣህበት ቀለበት አይባልም» ይሉኛል፤ የጓደኞቿም ቀለበት አልማዝ ነው። እኔ በክሬዲት ካርድ ካልሆነ አልችልም። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «በላብራቶሪ የተሠራውን ግዛላት፣ በምን ታውቃለች?» አለኝ። ለመሆኑ አልማዝ ማድረግ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በተክሊል ለመጋባት ማሰባችሁ በጣም አስደስቶኛል።

አልማዝ በራሱ ኃጢአት አይደለም። አሮን በደረቱ ላይ ከሚለብሳቸው ድንጋዮች አንዱ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን አልማዝ ተብሎ ተጠርቷል (ዘጸ. 28፥18)። ቅዱስ ጴጥሮስም ሴቶች በውጭ ሽልማት እንዳይመኩ ሲመክር ውበታችሁን ከወርቁ አትጠብቁ ማለቱ እንጂ ወርቁን ርኩስ ማለቱ አይደለም።

አሁን ዘፍጥረት 24ን አውጣና አንብብ። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሲሄድ ወርቅ ይዞ ነበር፤ ግማሽ ሰቅል የሚመዝን ቀለበትና አሥር ሰቅል የሚመዝኑ ሁለት አምባሮች። (ቀለበቱ የአፍንጫ ነው፣ የጣት አይደለም።) ግን መጀመሪያ ጸለየ። ከዚያ ርብቃ ለእሱም ለግመሎቹም ውኃ ስትቀዳ ዝም ብሎ ተመለከታት። ወርቁን ያወጣው ግመሎቹ ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ደግሞ ወርቁን አይቶ ወደ ሎሌው የሮጠው ማን እንደሆነ ልብ በል፤ ወንድሟ ላባ ነው! በኋላ ያዕቆብን አታልሎ ስለ ሴቶች ልጆቹ 14 ዓመት ያስገዛው ያው ላባ። ርብቃ ግን «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ስትባል በአንድ ቃል «እሄዳለሁ» አለች። እጮኛህ «እሄዳለሁ» ካለችህ የቀለበቱን ዋጋ የሚጠይቁትን ሰዎች ተዋቸው።

የሁለት ወር ደመወዝ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ከማስታወቂያ ነው። ዲ ቢርስ የሚባለው የአልማዝ ኩባንያ «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን መፈክር ያወጣው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ የደመወዙን ልክም በማስታወቂያ ለሰው ያስለመዱት እነሱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፣ የአባቶቻችንም ወግ አይደለም። አንድ ካራት ማለት 0.2 ግራም ናት! ለእሷ ብለህ ዕዳ ውስጥ ከገባህ በየወሩ ወለዱን የምትከፍለው ብቻህን አይደለም፣ ከጋብቻ በኋላ ሚስትህም አብራህ ትከፍላለች፤ የልጆቻችሁ ወተት ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ምሳሌ 22፥7 «ተበዳሪም የአበዳሪ ባሪያ ነው» ይላል። በክሬዲት ካርድ አትግዛ፣ አደራ።

በላብራቶሪ የተሠራውን በተመለከተ፣ መግዛቱ ምንም ነውር የለበትም። እሱም እንደ ማዕድኑ ካርቦን ነው፣ በዓይን አይለይም፣ ዋጋው ደግሞ በጣም ይቀንሳል። እንዲያውም ከመሬት የሚወጣውን የምትገዛ ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቅ፤ በሴራሊዮን ከ1991 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት በአልማዝ ገንዘብ መሣሪያ ተገዝቶ የስንቱ እጅና እግር ተቆርጧል። በ2003 እ.ኤ.አ. የኪምበርሊ ስምምነት የሚባል ቁጥጥር ተጀምሯል፤ ነገር ግን እሱ በዋናነት የሚመለከተው አማፂዎች የሚሸጡትን ነው፤ የቆፋሪው ጉልበት በአግባቡ ስለመከፈሉ ዋስትና አይሰጥህም።

የጓደኛህን «በምን ታውቃለች» ግን አልቀበልም። እዚህ ላይ ቆጣ ብልም ይቅር በለኝ። ቀለበት ማኅተም ነው፤ በተክሊል ጸሎት ካህኑ ባርኮ በጣታችሁ የሚያደርገው የቃል ኪዳን ምልክት ነው። በውሸት ጀምረኸው በእግዚአብሔር ፊት ልታስባርከው ነው? ላብራቶሪ ከሆነ ላብራቶሪ ነው በላት። ካልወደደችው አሁን ብታውቀው ይሻልሃል።

ደግሞ ጠይቃት እንጂ! ጓደኞቿ አልማዝ አደረጉ አልክ፤ እሷ ግን ምን እንደምትፈልግ አልነገርከኝም። ምናልባት ድንጋይ የሌለው የወርቅ ቀለበት ይበቃት ይሆናል። ምናልባት የደላንታ ኦፓል ትወድ ይሆናል፣ ከወሎ የሚወጣው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ የሚለዋወጠው። ኦፓል ግን ከአልማዝ በጣም ይለሰልሳል፣ በቀላሉ ይጫራል፣ ስለዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አልማዝ እፈልጋለሁ ካለችም አትፍረድባት፤ ያለህን ቁጭ ብለህ በግልጽ ንገራትና ትንሿን አብራችሁ ምረጡ።

ቀለበት ካሰርክላት በኋላም ሽማግሌ መላኩን አትርሳ፤ ቤተሰቦቿ አገር ቤት ከሆኑ እዚያ ያሉ ዘመዶችህ ይሂዱልህ። ቀለበቱ ስለገባ ብቻ እንደ ባልና ሚስት መኖር አይፈቀድም። የተክሊሉን ቀለበት ስትገዙ ደግሞ የእጮኝነቱን ዋጋ አስባችሁ አንድ ላይ በጀት አውጡ፣ ለንስሐ አባታችሁም ቀኑን ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው፤ በጾም ወቅት ተክሊል ስለማይደረግ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት እሳቸውን ጠይቁ።