ማታ ተደብቄ እበላለሁ፣ «ግላተን» የሚባለው እኔ ነኝ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ሀዋሳ የምማር ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ ግላተን የሚል ቃል አገኘሁ፣ ዲክሽነሪ ላይ ከልክ በላይ የሚበላ ሰው ይላል። እኔ ከፋሲካ ወዲህ ቀን ቀን አልበላም፣ ማታ የዶርም ልጆች ሲተኙ ግን ተነስቼ ማቆም እስኪያቅተኝ እበላና አለቅሳለሁ። በዓለ ሃምሳ ባይሆን እጾም ነበር። ግላተን ማለት እኔ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። መጀመሪያ ቃሉን እንየው። ከላቲን የመጣ ነው፣ ስሩ መዋጥ ማለት ነው። ግላተን ሰውዬው ነው፣ ግላተኒ ደግሞ ስራው። እንግሊዞች ሰርግ ላይ ብዙ በልቶ ሆዱ የተነፋን ሰው ኦቨርኢቲንግ ነው ብለው ያልፉታል፣ ግላተኒ ግን ወቀሳ ያለበት ቃል ነው፣ የሆድ ባሪያ መሆን ነው። በግዕዝ ስስዕት ነው፣ ዛሬ ስስት የምንለው። የግብፅ በረሃ መነኮሳት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰውን የሚዋጉ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲቆጥሩ ሆድን ነው መጀመሪያ ያስቀመጡት።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ይሄ ስም ለጌታችንም ተሰጥቷል እኮ! ማቴዎስ 11፥19 ላይ «በላተኛ» አሉት፣ እንግሊዝኛው ግላተን የሚለው እዛ ጋ ነው። ከቀራጮች ጋር ማዕድ ስለቀረበ። ስለዚህ ሰው ስለወፈረ ወይ ደጋግሞ ስለቆረሰ ሆዳም ማለት ይከብዳል፣ እኔ በጣም እፈራዋለሁ። እናት «በሞቴ» ብላ ሶስተኛ ጉርሻ ስታጎርስሽ ያ ፍቅር ነው እንጂ ስስት አይደለም። ስስት ምን እንደሆነ ሕዝቅኤል 16፥49 ያሳየናል፣ ሰዶም እንጀራ ጠግባ ድሀውን አልረዳችም፣ በደሏ ጥጋቡ ብቻ ሳይሆን እጇን መሰብሰቧም ነው። ጾመኛም ሆኖ ስስታም መሆን አለ፣ አርብ ከቅዳሴ ወጥቶ በያይነቱ ሲቀርብለት ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው እንኳን ብላ ሳይል ትሪውን ወደራሱ የሚስብ አይቻለሁ፣ ምግቡ የጾም ነው ልቡ ግን አልጾመም።

ወዳንቺ ስመጣ፣ ተደብቆ መብላት፣ ማቆም አለመቻል፣ ከዛ ማልቀስ፣ ይሄ ሐኪሞች ቢንጅ ኢቲንግ የሚሉትን ይመስላል፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያቸው ውስጥ ራሱን የቻለ ህመም ብለው አስገብተውታል፣ ህክምናም አለው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ነው ወይ አይደለም የሚልሽ ሐኪም ነው፣ ስለዚህ ነገ ሳትይ የግቢው ክሊኒክ ሂጂና ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪያቸው፣ አትፈሪ። በጾም ራስሽን ልቅጣ እንዳትዪ፣ ጾም የፍቅር መስዋዕት ነው እንጂ በራስ መናደጃ አይደለም፣ ደሞ ቀን ሙሉ ባዶ ሆድ መዋል ማታ የባሰ ያስርብሻል። በዓለ ሃምሳ ሲያልቅ ረቡዕና አርብን እንዴት እንደምትጾሚ ሐኪሙ ያለሽን ይዘሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፣ ለታመመ ቤተክርስቲያን ታዝናለች።

እስከዛው ቁርስሽን አትዝለዪ፣ ከዶርም ልጆች ጋር አንድ ትሪ ላይ ቅረቢ፣ አቡነ ዘበሰማያት ብላችሁ ጀምሩ። ማታ ሲመጣብሽ ደግሞ ብቻሽን አትሁኚ፣ የምታምኛትን አንዷን ቀስቅሻት፣ አትቀየምሽም።