ዓርብ ለሚውለው እንቁጣጣሽ አንድ ማዕድ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ባንክ እሠራለሁ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ወላጆቼ ደሴ ናቸው፤ ዘንድሮ ፈቃድ ስላላገኘሁ ወደ እነርሱ አልሄድም። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን ማታ ሰባት ጓደኞቼን እራት ልጋብዝ አስቤያለሁ። ከእኔ ጋር ስምንት እንሆናለን። ጠረጴዛውን ከሱቅ በተገዛ ሳይሆን በእጄ በሠራሁት ጌጥ፣ ደማቅ አድርጌ ላሰናዳው እፈልጋለሁ። ጠረጴዛዬ ትንሽ ናት፤ ርዝመቷ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዷ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ያስጨነቀኝ ቀኑ ዓርብ መሆኑ ነው። አራቱ ጓደኞቼ ይጾማሉ፣ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ አንዷ ፕሮቴስታንት ናት። ዶሮ ወጥ የሌለበት እንቁጣጣሽ ደብዛዛ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ቅዳሜ ላድርገው ወይስ ሁለት ዓይነት ምግብ ልሥራ? አደይ አበባውስ እስከ ማታ እንዳይጠወልግ ምን ላድርግ?
ት.፣ ከጀሞ

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ቀኑን አታዛውሪው፤ ሁለት ዓይነት ማዕድም አታሰናጂ። ይህን አፌን ሞልቼ የምነግርሽ አንድ ጊዜ ራሴ ስላደረግሁት ነው።

የ2000 ዓ.ም. መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ከተማው ሁሉ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል። እኔም አሥር ሰው ጠራሁ፤ ማንም ቅር እንዳይለው ብዬም ሳሎኑን ለሁለት ከፈልኩት፤ በመስኮቱ በኩል የፍስክ፣ በጓዳው በኩል የጾም። ምግቡ ሞልቶ ተረፈ። ነገር ግን ከተማሪነታቸው ጀምሮ ከአንድ ገበታ የበሉ ሁለት ጓደኛሞች ያን ዕለት ማታ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። አንደኛዋ እንደ ልማዷ ጉርሻ ጠቅልላ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ በእጇ የያዘችው ዶሮ መሆኑ ትዝ አላት። ቆመች፤ ከዚያም እጇን ቀስ ብላ ወደ ራሷ መለሰች። ያቺ ከአፍ ሳትደርስ የቀረች ጉርሻ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ ይበላል፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናትም እንዲሁ። እንቁጣጣሽ ግን የዓርብን ጾም አያስቀርም። ስለዚህ አራቱ ጓደኞችሽ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይነኩም። ለሁለቱ ሙስሊሞች ደግሞ ሥጋ ከቀረበ ማን ባረከው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ማዕዱ በሙሉ የጾም ሲሆን ሁለቱም ጉዳይ በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ ስምንታችሁም ያለ ስጋት ትጎራረሳላችሁ። ዶሮው ቅዳሜ ይደርሳል።

ደብዛዛ ይሆናል ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። የዶሮ ወጥ ትሪ ቀለሙ አንድ ነው፤ በየዓይነቱ ግን ከነቀለሙ ጌጥ ነው። ምስር ወጡ በበርበሬ ቀልቶ መሐል ላይ ይውጣ። ዙሪያውን በእርድ ቢጫ የሆነ የአተር ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ካሮት ያለበት ፎሶሊያ፣ ሰናፍጭ ጠብ ያለበት አዚፋ፣ ከእነዚህ መካከል ደግሞ ነጣ ያለው የሱፍ ፍትፍት። ቢጫውን ከጎመኑ፣ ነጩን ከምስሩ አጎራብቺ፤ ተመሳሳይ ቀለሞች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ይደባበቃሉ። ቀይ ሥሩን ግን ለብቻው በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አቅርቢ፤ ትሪው ላይ ካደረግሽው ጭማቂው እየሄደ የነካውን ሁሉ ያቀላዋል። የነጭና የቀይ ጤፍ እንጀራ እያፈራረቅሽ ጠቅልለሽ በትሪው ጠርዝ ብትደረድሪ እንደ ጥለት ሆኖ ይታያል። ሁሉንም በዘይት ሥሪ። ዳቦውም ድፎ ይሁን፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ። ኮባውን ስትገዢ አንድ ቅጠል ጨምሪ፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ጠረጴዛሽ እንምጣ። ስምንት ሰው ለአንድ ትሪ ይበዛል፤ ሁለት ትሪ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምግብ የያዙ ይሁኑ። የትሪው ወርድ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ሁለቱ አንድ ሜትር ይወስዳሉ። የሚተርፍሽ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ብቻ ነው። እንግዲህ ጌጥሽ በሙሉ ከዚያች ስንዝር፣ ከጠረጴዛው ጠርዝና ከግድግዳው አያልፍም። ይህን አስቀድመሽ ካወቅሽ ብዙ ድካም ይቀርልሻል። ረጅም የአበባ ማስቀመጫና ረጅም ሻማ ከመሐል አይቀመጡ፤ እኛ የምንበላው በእጅ ነው፣ የምንጎራረሰውም ጠረጴዛውን ተሻግረን ነው። እጅጌ የሚጥለው ጌጥ ለማዕድ አይሆንም።

ለጠረጴዛ ልብሱ ነጭ አቡጀዲ ግዢ፤ ሁለት ሜትር ይበቃሻል። እናትሽ ዘንድ መሐሉ ሳስቶ ጥለቱ ያልደበዘዘ አሮጌ ነጠላ አይጠፋም፤ ደሴ ደውለሽ አስልኪ። ከሌለ ሽሮ ሜዳ ሂጂ። ጥለቱን በጥንቃቄ ቆርጠሽ፣ ጫፉን አጥፈሽ፣ በአቡጀዲው ጠርዝ ዙሪያ በእጅ ስፊው። መሐሉን በትሪ ስለምትሸፍኚው እዚያ ላይ አትድከሚ፤ ዓይን የሚያርፈው ወደ ታች በሚወርደው ጠርዝ ላይ ነው። ከመስፋትሽ በፊት ግን ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሰሽ ጥለቱን ፈትጊው። ቀለም ከያዘ ተይው። በዚያው በ2000 ዓ.ም. በዓል ቀይ ጥለት ሰፍቼ ለመተኮስ ውኃ ብረጭበት፣ እንግዳ ሊመጣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው አቡጀዲው እንደ ደም ዥጉርጉር ሆነብኝ። አልቅሼ ነበር።

ሁለተኛው ሥራሽ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሁን፤ የመዳፍ ስፋት ያላት ክብ ስፌት። ሞሰብ ስፊ ብልሽ ዓመት ይፈጅብሻል፤ ይህን ግን ጀማሪም ትወጣዋለች። አክርማ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም አለላና አንድ ወስፌ መርካቶ ታገኛለሽ። አለላውን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለሽ አለስልሺው፤ ውኃ ውስጥ ካሳደርሽው ቀለሙ ይለቃል። ከአክርማው የእርሳስ ውፍረት ያህል ያዢ፤ ጫፉን በአለላ አጥብቀሽ ጠቅልለሽ እንደ ቀንድ አውጣ አጥፊው። አስቸጋሪዋ ይህች የመጀመሪያዋ ዙር ናት፤ ጣት ታደማለች፣ ደግሞም እንዳትፈታ ትታገላለች። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግን ነገሩ አንድ ነው፤ ያለፈውን ዙር ጠርዝ በወስፌ ትበሺያለሽ፣ አለላውን በቀዳዳው ታሾልኪያለሽ፣ ትስቢያለሽ። ስትስቢው ጭርር የሚል ድምፅ አለው፤ እናቴ ማታ ማታ ስትሰፋ በዚያ ድምፅ ነበር የምተኛው። አንዷን በሁለት ምሽት ብትጨርሺ ስምንቱ በ16 ምሽት ያልቃሉ። ከነሐሴ አጋማሽ ብትጀምሪ ትደርሻለሽ። ለእያንዳንዱ ጓደኛ የተለያየ ቀለም አድርጊ፤ ሲሄዱም የየራሳቸውን ይዘው ይሂዱ።

ስለ አደይ የጠየቅሽው ዋናው ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አደይ ለስላሳ የመስክ አበባ ናት፤ ፀሐይ ላይ በእጅ ይዘሽ ከዞርሽ ከእኩለ ቀን በፊት አንገቷ ይሰበራል። ልጆች በማለዳ ከቄጤማ ጋር ይዘው ሲመጡ ግዢያት፤ ጤዛው ያልረገፈላት ትበልጣለች። ቤት እንደገባሽ የታችኛውን ቅጠል መልምዪ፤ ውኃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳል። ከዚያ ባልዲ ውኃ ሞልተሽ፣ ዘንጓን ውኃው ውስጥ እንዳለች በስለት በሰያፍ ቁረጪ። ባልዲውን መታጠቢያ ቤት፣ ጨለም ባለና በቀዘቀዘ ቦታ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አቆዪው። እስከዚያ ጠረጴዛው ላይ አታውጪያት፤ የወጡ እንፋሎት ይጎዳታል። ማስቀመጫው የቲማቲም ድልህ ትንሽ ጣሳ ይሁን፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰሽ ከጥለቱ የተረፈውን ቁራጭ አልብሺው። ሦስት ጣሳ ከዚያች ስንዝር ቦታ ላይ በአንድ መስመር ይቆማሉ። አበባዋ ከጣሳው አፍ አራት ጣት ብቻ ከፍ ትበል።

ተጨማሪዋን የኮባ ቅጠል አሁን አምጫት። በእሳት ላይ ለብ ለብ ስታደርጊያት ትለሰልሳለች፤ ያለዚያ ትሰነጠቃለች። በስንዝር ስፋት ቀደሽ ከጣሳዎቹ ሥር ጠረጴዛውን አቋርጣ በሁለቱም በኩል እንድትንጠለጠል አንጥፊያት። ቢጫው አበባ በአረንጓዴው ላይ ሲያርፍ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ግድግዳሽን ለልጆች ተዪው። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ በቀለም ሥለው ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ። በሕንፃሽ ውስጥ የሚሥሉ ልጆች አይጠፉም። ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት ስምንት ሥዕል እንዲሠሩልሽ ለምኛቸው፤ ወረቀቱንና የውኃ ቀለሙን አንቺ ግዢ፤ የበዓል ስጦታቸውንም በደንብ ስጪ። በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የአንድ እንግዳ ስም ይጻፍበትና ከወንበሩ ትይዩ ይለጠፍ። ከማተሚያ ቤት የወጣ የስም ካርድ ይህን አይተካም። አንዱን አበባ ሰማያዊ ቢያደርጉት አታርሚያቸው።

ቄጤማውን ከመጎዝጎዝሽ በፊት ውኃውን አራግፊ፤ የኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ጥቂቱን አስቀርተሽ እንደ ሹሩባ ጎንጉኚና በእያንዳንዱ ሶፍት ላይ እሰሪው። በጎጃም ልጃገረዶች በዋዜማው እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ የዚያ ዘመድ መሆኑ ነው። መብራት ቢጠፋ ሻማው ብርጭቆ ውስጥ፣ ከቄጤማው ርቆ፣ መደርደሪያ ላይ ይሁን።

ለመጠጥ ብርዝ አዘጋጂ፤ በዚያው ቀን የተበጠበጠ፣ ያልፈላ። ካደረ ወደ ጠጅነት ይሄዳልና ለሙስሊም ጓደኞችሽ አይሆንም። ማስታጠቢያውንም አትርሺ፤ ሰው ወደ ቧንቧ ተሰልፎ ከሚሄድ አንቺ ፎጣ በክንድሽ ጥለሽ ብታስታጥቢያቸው እመርጣለሁ። ቡናውን ከማዕዱ በኋላ ወለል ላይ፣ ቄጤማው ላይ አፍይው፤ ያን ጊዜ ጣሳዎቹን ከጠረጴዛው አንሥተሽ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጫቸው፣ ፈንድሻውም ይኑር።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መስከረም 1 የሥራ ቀን ስለሆነ እራቱን ቅዳሜ፣ መስከረም 2 እናደርጋለን፤ አማርኛ የማይችሉ የልጃችን ጓደኞችና ወላጆቻቸውም ይመጣሉ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አደይ አበባ አይታ አታውቅም፤ ጠረጴዛው ላይ ምን ላድርግላት?
አባቷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአደይ ዘመድ የሆኑ ቢጫ የሜዳ አበቦች በእናንተም አገር በዚያው ወር በየመንገዱ ዳር ያብባሉ። እኔ ግን ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው በወረቀት ቢሠሩ እመርጣለሁ፤ የሠራችውን ነገር አትረሳውም። ቢጫ ክሬፕ ወረቀት ይግዙ። ለአንድ አበባ ስምንት ቅጠል ይቁረጡ፤ የአውራ ጣት ርዝመት፣ ጫፉ ክብ። እያንዳንዱን መሐል ለመሐል ጥቂት አጠፍ አድርገው ይልቀቁት፤ ያን ጊዜ ሕይወት ያለው ይመስላል። መሐሏን ከወረቀት አድቦልቡለው፣ ሙጫ ቀብተው፣ እርድ ውስጥ ያንከባልሉት። እርዱ ቀለሙንም ሽታውንም ይሰጣታል፤ የልጅዎም ጣቶች ቢጫ ይሆናሉ። ዘንጉ ቀጭን ሽቦ ይሁን፣ አረንጓዴ ወረቀት ተጠቅልሎበት።

ከዚያ በእያንዳንዱ አበባ ዘንግ ላይ ትንሽ ወረቀት ይሰሩ፤ በአማርኛና በእነርሱ ፊደል አንድ ቃል ይጻፍበት። ልጅዎ በማዕዱ ራስ ቆማ አበባየሆሽ ስትል፣ እንግዳው ሁሉ አበባውን ከፍ አድርጎ የሚያነበው ያንኑ ነው፤ ለምለም።